አንባቢውን ማደስ፣ ጽሑፉን መተው

ባለፈው ክረምት ቦንጋ ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ አዛውንት ፍላሽ አቀበሉ። ጸሐፊዋ ፋይሉን ከፈተችና፣ «አባባ፣ በካፊኖኖ ነው ያስጻፉት? እኔ ግን አንድም ቃል አልገባኝም» አለች። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መጠርጠሯ አያስገርምም። «አይ ልጄ፣ አማርኛ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ከመስጠቱ በፊት በተለመደው ዘዴ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ልጅቷ ፎንቱን ፈልጋ ስትጭነው ገጹ አማርኛ ሆኖ ተመለሰ። ፋይሉ ውስጥ ምንም አልተነካም።

የድሮ አድቬንቸር ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር ማስኬድም ይኸው ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ግን የልጅነት ትዝታ ማስታገሻ ተደርጎ ይናቃል፤ የሚወደሰው እንደ አዲስ ተሥሎ ለገበያ የሚቀርበው እትም ነው። ፍርዱ የተገለበጠ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ሉድቪግ ስትሪጌየስና ቪንሰንት ሃም የጀመሩት፣ የድሮ አድቬንቸር ጌሞችን የሚያስኬደው ስካምቪኤም የተባለ ፕሮግራም የተነሣው ከአንድ ቀላል እውነታ ነው። በኋላ ሉካስ አርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ ከ1987ቱ «ማኒያክ ማንሽን» ጀምሮ ጌሞቹን ለሁለት ከፍሎ ይሠራ ነበር፤ ታሪኩ፣ ሥዕሉና ድምፁ በዳታ ፋይል ይቀመጣል፣ ያንን አንብቦ የሚያስኬደው ፕሮግራም ደግሞ ለብቻው ነው። ያረጀው ፕሮግራሙ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም አይቀበልም። ዶስቦክስ የተባለው ፕሮግራም መላውን አሮጌ ማሽን በሶፍትዌር መልሶ ይገነባል፤ ስካምቪኤም ግን ዳታውን እንዳለ ትቶ አዲስ አንባቢ ጻፈለት።

ምን ያህል ከባድ ንባብ እንደሆነ የሚያሳየው የዚያው ኩባንያ የ1991ዱ ጌም «መንኪ አይላንድ 2» ነው። ባለታሪኩ ጋይብረሽ ከተሰባበሩ መርከቦች በተሠራችው የወድቲክ መንደር ይዘዋወራል፤ ከበስተኋላው ዜማ አለ። አንዱ ቤት ሲገባ ዜማው አይቆረጥም፤ ምቱን እንደያዘ በዚያ ቤት ሰው መሣሪያና ጠባይ ይቃኛል። ሲወጣ ደግሞ የጀመረውን ሐረግ ጨርሶ ወደ መንደሩ ዜማ ይመለሳል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እንግዳ ሲገባ ማሲንቆው ሳይቆም ግጥሙ ወደ እሱ ይዞራል። ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል አይሚዩዝ ያሉት ይህ ዘዴ የተቀዳ ድምፅ አይደለም፤ ለጌሙ የሙዚቃ ፕሮግራም የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ ምት ላይ ስትደርስ ተጫዋቹ ገብቶ እንደሆነ እይ፣ ከገባ ወደዚያ ዝለል የሚል። የስካምቪኤም ሰዎች የትእዛዙን ሰዋስው ከነልማዱ መማር ነበረባቸው። በማዳመጫ ሆኜ ከቤት ወደ ቤት ደጋግሜ ስመላለስ መገጣጠሚያውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ይህ ከብራና ጥናት በምን ያንሳል?

በ2009 የወጣው የመጀመሪያው «መንኪ አይላንድ» ልዩ እትም የጋይብረሽን ፊትና ፀጉር አፍታትቶ ሣለው። ዋናው ሠዓሊ በጥቂት ነጥቦች ጠቁሞ ለተመልካች የተወውን ሌላ ሰው ወሰነበት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የድሮው ሥዕል መመለሱን አመሰግናለሁ፤ እኔ ከተጫንኩት ወዲያ ወደ አዲሱ አልተመለስኩም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦንጋ የመጠኑ ነገርም አለ፤ ዋናው ጌም በፍሎፒ ይሸጥ የነበረ ስለሆነ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላው ወዲያው ያልፋል።

ስካምቪኤምን የምወቅሰው በአንድ ነገር ነው፤ ጉዳዩ ለእኔ ቀላል አይደለም። ዋናዎቹ ጌሞች ላይ የነበሩ ስሕተቶችን አንባቢው በመንገዱ ያርማል፤ ሲያርምም ስክሪኑ ላይ ምልክት አያኖርም። ማስተካከያዎቹን ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ለአንዳንድ ጌሞች አለ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ተጫዋቹ ግን ኮድ አያነብም። ብራና የሚያርም ሊቅ ማረሚያውን በኅዳጉ ያሳያል፤ ዝም ብሎ የሚያስተካክል ግን ጽሑፉን ሰርቆታል።

አዛውንቱ ጽሑፉን ለልጃቸው በቴሌግራም መላክ ፈለጉ። የልጃቸው ስልክ የድሮውን ፎንት ስለማያውቅ ጸሐፊዋ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዞረችው። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጨረሰ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አጥልቀው በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩና ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። «ቋንቋ» የነበረው ቃል ሁለቱንም «ቋ» አጥቶ አንድ «ን» ብቻ ቀርቷል። «ልጄ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» አሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የድሮውን ፋይል እንደገና ከፈቱና ቃል በቃል ማመሳከር ጀመሩ። ወረፋው ረዘመ፤ እኔም ጠበቅሁ።