ስለ ሰዎች መቀራረብና መራራቅ፤ በኤድዋርድ ሆል መጽሐፍ ላይ የቀረበ አስተያየት

አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ‹‹ዘ ሂድን ዳይሜንሽን›› የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ዋናው ዐሳባቸውም ሰው በራሱና በባልንጀራው መካከል የሚተወው ርቀት ልማድ የወሰነው፣ ድምፅ የሌለው ቋንቋ ነው የሚል ነው። ይህንንም ርቀት በአራት ከፍለውታል። እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያለው የፍቅርና የዘመድ ነው፤ ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር የግል፣ እስከ 3.6 ሜትር የሥራና የማኅበር፣ ከዚህ የሚያልፈው ደግሞ የአደባባይ ነው።

የመጽሐፉን ጠቃሚነት አንክድም። ባዕድ ሰው ተጠግቶ ቢያነጋግረን ‹‹ደፋር››፣ ራቅ ብሎ ቢቆም ‹‹ኩሩ›› ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሆል ግን ነገሩ ከአስተዳደግ የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። ደግሞም ልኬቱ የተገኘው በአብዛኛው በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከሚኖሩ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ሰዎች ስለ ሆነ፣ ለሰው ልጅ ሁሉ እንዳይወሰድ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል።

ዳሩ ግን ዐሳባቸው ሲስፋፋ ማስጠንቀቂያው ተረሳ፤ ሕዝቦችንም ‹‹የሚነካኩ›› እና ‹‹የማይነካኩ›› ብሎ በሁለት ወገን መመደብ ተለመደ። ይህ ምደባ በአገራችን ልማድ ቢፈተን አይጸናም። ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገድ ቢሄዱ እንደ ነውር አይታይም፤ ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግሞ ይሳሳማል፤ በማዕድም ላይ በገዛ እጁ ያጎርሰዋል። ያው ሰው ግን ሚስቱን በአደባባይ መሳም ያፍራል፤ በሽማግሌ ፊትም ራቅ ብሎ እጅ ይነሣል። እንግዲህ ይህ ሰው ከየትኛው ወገን ይቈጠር? ርቀቱን የሚወስነው የሕዝቡ ስም ብቻ አይደለም፤ ከማን ጋር፣ የት፣ በማንስ ፊት የሚለው ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በ42 አገሮች 8,943 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት ለዚህ ይረዳናል። አጥኚዎቹ ለማያውቁት ሰው፣ ለሚያውቁትና ለቅርብ ወዳጅ የሚመረጠውን ርቀት ለየብቻው ጠይቀዋል። ከሮማንያ የተጠየቁት ከማያውቁት ሰው እጅግ መራቅን ሲመርጡ፣ ለቅርብ ወዳጅ ግን ብዙ ይጠጉ ነበር። አንድ ቍጥር ብቻ ቢወሰድ ኖሮ ይህ ልዩነት በተሰወረ ነበር።

ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ሆል በ1950ዎቹ ለአሜሪካን ዲፕሎማቶች ያስተምሩ ነበር፤ እንዲህ ያለው ትምህርትም ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ሰው እንደ መመሪያ ያገለግላል። ምደባውን ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ ባልና ሚስት በመንገድ ሲሳሳሙ ስላላየ ፍቅር የላቸውም ብሎ ይፈርዳል። ወደ ውጭ የሄደውም ተማሪያችን የጓደኛውን እጅ እንደ ነውር ቈጥሮ ይለቃል። የመጀመሪያው በእኛ ላይ የተሠራ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን እኛው በራሳችን ላይ የምንፈጽመው ነው።

ስለዚህ የሆል መጽሐፍ ይነበብ፤ ጥያቄውም ይወሰድ። መልሱን ግን በገበያ፣ በለቅሶ ቤትና በሠርግ አዳራሽ ተገኝተን፣ በራሳችን መለኪያ ልንፈልገው ይገባናል።