ፔንታክስ 17 እና የፊልም ፎቶግራፍ ወራሾች

የጃፓኑ ሪኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለገበያ ያቀረበው ፔንታክስ 17 የተባለ ካሜራ የፊልም ፎቶግራፍን ለወጣቱ ትውልድ ለማውረስ የተሠራ ነው ይባላል። ይህ አባባል እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በፋብሪካው ውስጥ እውነት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 አሳቡን ሲገልጽ፥ ወጣት መሐንዲሶች ከቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ዕውቀቱን እንዲቀበሉ ማሰቡን ተናግሮ ነበር። በአውራ ጣት እየተገፋ ፊልሙን የሚያሳልፈው ዘንግ የዚህ ፍሬ ነው።

ወደ ተጠቃሚው ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተለመደው ፊልም አንዱ ሥዕል 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፥ በዚህ ካሜራ 17 በ24 ነው፤ ስለዚህ 36 ሥዕል ከሚይዘው ጥቅል 72 ይወጣል። ለተማሪ ኪስ መልካም ነው። ነገር ግን ካሜራው እንደ ልማዱ አግድም ሲያዝ ሥዕሉ ቁሞ ይወጣል፤ ይኸውም ለእጅ ስልክ እንዲስማማ ታስቦ ነው። የተቃውሞዬ መነሻ ይህ ነው።

ዛሬ ብዙ ወጣት ፊልሙን ለአጣቢ ቤት ሰጥቶ ሥዕሉን በስልኩ ይቀበላል፤ ኔጋቲቩን ሊወስድ የማይመለስ ጥቂት አይደለም። በስልክ የደረሰው ግን ግልባጭ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከዋናው ያነሰ። ኔጋቲቩ ካለ ከሃያ ዓመት በኋላም በተሻለ መሣሪያ ሊገለበጥ ወይም በጨለማ ክፍል በወረቀት ላይ ሊታተም ይችላል። እርሱ ከተጣለ የሚቀረው የፊልም መልክ ብቻ ነው፤ መልኩንማ ስልኩ ራሱ ያስመስለዋል።

«ወጣቱ ፊልም እስከ ገዛ ድረስ ፋብሪካው ይኖራል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቆመውን ኤክታክሮም በ2018 የመለሰው ፈላጊ ስላገኘ ነው። ይሁን እንጂ የኮዳክሮምን ዕጣ እንመልከት። መሠራቱ በ2009 ቀረ፤ በካንሳስ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ ቤትም በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በየመሳቢያው ተረስቶ የተገኘ ጥቅል ቢታጠብ እንኳ የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ እያለ ሙያው ጠፋ።

ፔንታክስ 17 የብርሃኑን ቀዳዳና የመዝጊያውን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል፤ ለተማሪው የተተወለት ርቀቱን ከስድስት ምልክቶች መምረጥ ነው። ሲወጣ ዋጋው ወደ 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ሁሉን በእጅ የሚያስመርጥ ያገለገለ ካሜራ፥ የማጠቢያ ታንክ፥ ቴርሞሜትርና ለጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሆን መድኃኒት ተገዝቶ ለፊልሙም ይተርፍ ነበር።