ቁጭ አድርጎ ማስመር

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ሬዚደንት «ዶክተር፣ ይህን ጠባሳ ቆርጠን ብንሰፋውስ?» አለኝ። ታካሚዋ የመንዝ ዘመሮ ልጅ ናት። እንቅርቷ ከወጣላት ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ድምፅዋ አልተነካም፣ እጢውም አልተመለሰም። ጠባሳው ግን ከደረት አጥንቷ አናት ላይ እንደ ገመድ አብጧል፤ ማተቧ በነካው ቁጥር ያሳክካታል። አገሯ እያለች ብርዱ ሰበብ ሆኗት አንገቷን ሸፍና ኖራለች። የቸገራት አዲስ አበባ ሥራ ስትይዝ ነው።

መልሴ «እንዲሁ አይቆረጥም» ነበር። እንዲህ ያበጠውን ጠባሳ፣ ኬሎይድን፣ ብቻውን ቆርጦ መስፋት አብዛኛውን ጊዜ የባሰውን መዝራት ነው፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። እኔ መጀመሪያ ትሪያምሲኖሎን በየወሩ ገደማ እወጋዋለሁ፣ ሲሊኮን አስለጥፍበታለሁ። ከሟሸሸ እሰየው፤ እምቢ ካለ እቆርጠዋለሁ፣ መርፌውን ግን ከቆረጥኩም በኋላ አልተውም። ስትውጥ አብሮ የሚሳብ ጠባሳ ሌላ ነገር ነው፤ ከሥሩ ተላቆ መሃሉ ላይ ስብ ወይም ጡንቻ ይገባበታል። ቃጠሎ ገትሮ የያዘውን አንገት ደግሞ በዜድ ቅርጽ ቀድደን እናስረዝመዋለን።

የእኔ ጠብ ግን ከመጀመሪያው የቅድ መስመር ጋር ነው። ታካሚ ትከሻዋ ሥር ትራስ ገብቶ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ስትተኛ ቆዳው ይወጠራል፤ እጥፋቱ ይጠፋል። ባልደረቦቼ «ከደረት አጥንት ሁለት ጣት ለክተህ ቅደድ» ይላሉ። የተኛ አንገት ይዋሻል! ቁጭ ስትል ያ መስመር ይወርዳል። እኔ ማደንዘዣ ሳትወስድ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ ፊቷን ቀና አስደርጌ ነው የማሰምረው።

ይህን ያስተማረችኝ በጀማሪነቴ የቀደድኳት አንዲት እናት ናት። ስፌቷን ልፈታ ቁጭ ሳደርጋት ያ የኮራሁበት መስመር የቀሚሷ አንገትጌ ላይ ወርዶ አገኘሁት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላ መረቀችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ይህን የአንገት አግድም ቅድ የምንጠራው እ.ኤ.አ. በ1909 ኖቤል በተሸለመው በስዊሱ ቴዎዶር ኮኸር ስም ነው። እሱም የእንቅርት አገር ሰው ነበር፤ ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ከወሰደበት፣ አልፕስም መንዝም አንድ ነው።

እናቴን በልጅነቷ «እንቅርት እንዳይወጣባት» ብለው አንገቷን በሦስት መስመር አስነቅሰዋታል። ንቅሳቱ እንቅርቱን አልከለከለውም። ያወጣላት ሐኪም የመካከለኛውን መስመር ተከትሎ ቀደደ፤ ጠባሳውን ዛሬ እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው። አንድ ቀን፣ ያች ነቃሽ መስመሩን እንዴት እንዲህ እጥፋቱ ላይ እንዳሳረፈችው ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ ‹ቀና በይ› አለችኝ።»