መጀመሪያ የውሃው ሙቀት

«ጋሼ፣ ባሕር ኃይሎች የሚጠቀሙበት ግላይደር ለጣና ሐይቅስ ለምን አይመጣም?» አለኝ ሰሞኑን ሥራ የጀመረ ልጅ። ጥያቄውን ወደድኩት፤ መልሴ ግን «አያስፈልገንም» ነው። ግላይደር ዘይት ወደ ውጭኛው ከረጢቱ እየገፋና እየመለሰ፣ ያለ ፕሮፔለር 1,000 ሜትር ድረስ እየጠለቀ ለወራት የሚጓዝ መሣሪያ ነው። ጣና እጅግ ጠለቀ በተባለበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው።

ይልቅስ ባሕር ኃይሎች ለምን እንደሚፈልጉት ይጠየቅ። ድምፅ በውሃ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት እንደ ሙቀቱና እንደ ጨዉ ይለያያል። ሙቀቱ በድንገት በሚለወጥበት ንጣፍ ላይ ድምፁ ይታጠፋል፤ ከዚያ በታች ያለ ሰርጓጅ መርከብም በድምፅ ከሚፈልገው ሶናር ሊሰወር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ቻይና ከፊሊፒንስ አቅራቢያ የአሜሪካን ግላይደር ወስዳ ከቀናት በኋላ ስትመልስ ያ ሁሉ ውዝግብ የተነሳው ሙቀትና ጨው በሚለካ መሣሪያ ነበር።

የሐይቁን ጥልቀት በድምፅ የምንለካበት የእኛም ኤኮ ሳውንደር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የድምፅ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚመጣው ለባሕር በሚስማማው በሰከንድ 1,500 ሜትር ነው። 22 ዲግሪ በሆነ ጨው አልባ ውሃ ግን ድምፅ 1,488 ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ 10 ሜትሩን 8 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ ያነባል። «8 ሳንቲ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ደለል ለመለካት አይደል እንዴ የወጣነው! የድሮና የዛሬ ልኬት ሲነጻጸር 8 ሳንቲ የዓመታት ደለል ሊሆን ይችላል።

እኔ ነፋስ ሳይነሳ፣ በጠዋት፣ ቴርሞሜትሩን አወርዳለሁ። ከዚያ የብረት ሳህን ምልክት ባለው ሰንሰለት ከሳውንደሩ ሥር 2 ሜትር፣ ቀጥሎ 5 ሜትር ላይ አንጠለጥልና ስክሪኑ ያንኑ እስኪያነብ ፍጥነቱን አስተካክላለሁ። የጉማራ ወንዝ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ደግሞ የእርሳስ ክብደት የታሰረበት ገመድ የግድ ነው፤ እርሳሱ ስክሪኑ «ወለል» ያለውን አልፎ ለስላሳው ጭቃ ውስጥ ሲገባ እጅ ላይ ይታወቃል።

ያ ጭቃ ለእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። የተወለድኩት ከጉና ተራራ ሥር፣ ፋርጣ ነው። ክረምት የቤተሰቦቼን ማሳ የሚያጥበው ጎርፍ ጉማራን ይዞ፣ በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል አልፎ እዚህ ይደርሳል። የአገሬን አፈር በግምት መመዝገብ አልወድም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጥልቀት በጻፋችሁ ቁጥር ቀኑን፣ የውሃውን ሙቀትና የተጠቀማችሁበትን የድምፅ ፍጥነት አብራችሁ ጻፉ።