የኹለት ቍጥሮች ጕዳይ፤ መድኀኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ስለሚቈጠርበት መንገድ

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ጥናቶቹን ሳይሆን አነባበባቸውን ነው። ኢሶናያዚድንና ሪፋምፒሲንን ባንድነት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከአዲስ ሕሙማን 1.6 በመቶ፥ ቀድሞ ከታከሙት ደግሞ 11.8 በመቶ ተመዘገበ። በ2014 የተፈጸመው ኹለተኛው ጥናት ቍጥሮቹን 2.3 እና 17.8 አደረሳቸው። ከዚህ ተነሥቶ በሽታው በግማሽ ያህል ጨመረ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

እስቲ 11.8 የተባለው ከምን እንደ ወጣ እንመልከት። ቀድሞ ከታከሙት የተመረመሩት 76 ሰዎች ሲሆኑ፥ መድኀኒት የማይበግረው ጀርም የተገኘባቸው 9 ናቸው። አንድ ሰው ቢጨመር ቍጥሩ 13.2፥ አንድ ቢጐድል 10.5 ይሆናል። በስታቲስቲክስ ሕግ ብናሰላው እውነተኛው መጠን ከ6 እስከ 21 በመቶ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ሊውል ይችላል፤ 17.8 ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። በአዲሶቹ ሕሙማንም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ከ804 ሰዎች 13 ናቸውና። ስለዚህ ጨመረ ማለትም አልጨመረም ማለትም ከኹለቱ ጥናቶች ብቻ አይገኝም። እንዲያውም የዓለም የጤና ድርጅት ይህ በሽታ የጸናባቸውን አገሮች ዝርዝር በ2021 ሲያድስ ኢትዮጵያን አውጥቷታል። ጨመረ ሲል የቈየ አንባቢ ይህን በምን ያስታርቀው ይሆን?

ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሐኪም ቤት ሕክምናው ሲጀመር መድኀኒቱ ብዙ ወር የሚወሰድ፥ መርፌውም ጆሮ እስከ ማደንቈር የሚደርስ ነበር። ለስንት ሰው ይዘጋጅ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በእንዲህ ያለ ቍጥር ነው።

የተሻለ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም በማይርቀው በዘነበ ወርቅ፥ የአለርት ሐኪሞች በ1970ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታተሉ። ጀርሙ በብርጭቆ ውስጥ ስለማይበቅል በአይጥ እግር ላይ ተዘርቶ ወራት ይጠበቅ ነበር፤ ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። በ1977 መድኀኒት ቀምሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ እንኳ ዳፕሶንን የሚቋቋም ጀርም መገኘቱን አስታወቁ። በዚያ ዘመን ከሌላም አገር ተመሳሳይ ማስረጃ ይመጣ ነበርና የዓለም የጤና ድርጅት ባለሞያዎች በ1981 ሕክምናው በአንድ መድኀኒት ብቻ እንዳይሆን መከሩ። በአለርት የታየው ፍሬ ነገር አዲሱን በሽተኛ ከታከመው መለየታቸውና ሥራውን አለማቋረጣቸው ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። በጀሞ ወይም በመካኒሳ ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው መጀመሪያ ከመድኀኒት ቤት ይገዛል፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያም ብዙውን ጊዜ ጀርሙ ሳይበቅል በግምት ይታከማል። ሦስተኛ ጊዜ ሲታመም ነው ሐኪም ቤት ደርሶ ጀርሙ የሚመረመረው። እንግዲህ በሐኪም ቤቱ መዝገብ የሚገኘው በመቶኛ የተጻፈ ቍጥር የከሸፈባቸውን ሰዎች እንጂ የሰፈሩን ሕሙማን አይናገርም፤ በዚያ ቍጥር ተመርቶ ለጤና ጣቢያ በሽተኛ ጠንካራውን መድኀኒት ማዘዝ ደግሞ ጀርሙን ሌላ መድኀኒት ማስለመድ ነው።

ስለዚህ በክፍለ ከተማው ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ተመርጠው በየዓመቱ በዚያው ወር፥ በዚያው ዘዴ፥ መድኀኒት ያልጀመሩ ሕሙማን ናሙና እንዲወሰድ፥ በቅጹም ላይ «ከዚህ በፊት ምን ወስደዋል?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር እናሳስባለን። ቅጹን ከመምህራኖቻችን ጋር ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን።