የተዋሰ ስም፦ «ጥላው» እና ደራሲዎቹ

የብዕር ስም ሲባል ደራሲው ወዶ የሚከለልበት ስም ይመስለናል። በአሜሪካ የርካሽ ልቦለድ መጽሔቶች ዘንድ ግን ስሙ የአሳታሚው ንብረት ነበር፤ ደራሲው ቢታመም ወይም ቢባረር ስሙ ሥራውን ይቀጥላል። «ፐልፕ» የተባሉት እነዚህ መጽሔቶች (ስያሜው ከተፈጨ እንጨት ከሚሠራው ሻካራ ወረቀታቸው የመጣ ነው) የሚሸጡት ጀግናን እንጂ ጸሐፊን አልነበረም። ይህን አሠራር ከ«ጥላው» የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ጥላው መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለው አሳታሚ የወንጀል ምርመራ መጽሔቱን ለማስተዋወቅ ታሪኮቹን በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ተራኪው በዚህ ስም ተጠራ። አድማጩ ጋዜጣ መሸጫ ሄዶ የጠየቀው ግን የተዋወቀውን መጽሔት ሳይሆን የዚያን ድምፅ ባለቤት መጽሔት ነው። ያልነበረው መጽሔት በገዢዎቹ ጥያቄ በ1931 ተወለደ። የመጻፉ ሥራ ለዋልተር ጊብሰን ተሰጠ፤ ጋዜጠኛ፣ የምትሃት ትርኢት አዋቂ፣ ለምትሃተኛው ሃሪ ሁዲኒም በስውር ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። እስከ 1949 ከወጡት 325 እትሞች ውስጥ ከ280 በላይ የሚሆኑትን ልቦለዶች የጻፈው እሱ ቢሆንም፣ አንባቢው የሚያውቀው ማክስዌል ግራንት የሚባል ደራሲን ነበር።

ጀግናውም እንደ ጸሐፊው ነው። አንባቢው ጥላውን ባለጸጋው ላሞንት ክራንስተን አድርጎ ይወስደዋል፤ ክራንስተን ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሰው ነው፣ ጥላው መልኩን ይዋሰዋል እንጂ። በ1937 ማንነቱ ሲገለጥ ኬንት አላርድ የተባለ አብራሪ ሆኖ ተገኘ። ለሌሎች በሌሎች ስም ሲጽፍ የቆየ ሰው በሌሎች መልክ የሚኖር ጀግና መፍጠሩን እንደ አጋጣሚ ማለፍ ይከብደኛል። የልቦለዶቹ ጥንካሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ድካማቸውም አይሸሸግም፦ በ1939 ብቅ ያለው ጠላት ሺዋን ካን እስያዊን ሁሉ በስጋት የሚያይ የዘመኑ ጥላቻ ውጤት ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንበብ የቻልነው በሰብሳቢዎች ትጋት ነው። ወረቀቱ አሲድ ስላለበት ይበልዛል፣ ሲገልጡትም ጠርዙ ይፈረፈራል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙው ለጦርነቱ በተደረገው የአሮጌ ወረቀት ማሰባሰብ አለቀ። ሰብሳቢዎቹ ግን ከማስቀመጥ አልፈው እትምን ከእትም እያስተያዩ ማን ምን እንደጻፈ ለዩ። ከጊብሰን ሌላ ቴዎዶር ቲንስሊ 27 ልቦለዶችን በዚያው ስም ጽፎ ነበር። የባትማን ጸሐፊ ቢል ፊንገር የመጀመሪያ ታሪኩን ከአንድ የጥላው ታሪክ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል፤ የትኛው እንደሆነ ያገኙት ግን እነዚህ አጥኚ አፍቃሪዎች ናቸው። በግንቦት 1939 የወጣው ይህ የመጀመሪያ የባትማን ታሪክ የተቀዳው ከቲንስሊ የ1936 ልቦለድ ነው።

በዚያ የ1936 እትም ላይ የታተመው የደራሲ ስም ዛሬም ማክስዌል ግራንት ነው።