ኤጀንቱ አገልግሎቱን አገኘው እንበል፤ ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ የወጣው የቲም በርነርስ-ሊ፣ የጄምስ ሄንድለር እና የኦራ ላሲላ ጽሑፍ የሚጀምረው በታሪክ ነው። ፒት ሙዚቃ እየሰማ ስልክ ይጠራል። የደወለችው እህቱ ሉሲ ናት፣ ከሐኪም ቢሮ። እናታቸው ስፔሻሊስት ማየትና ከዚያ ተከታታይ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና መውሰድ አለባቸው፤ ማመላለሱን ሁለቱ ልጆች ይካፈሉታል። ሉሲ ጉዳዩን ለሶፍትዌር ኤጀንቷ ትሰጠዋለች። ኤጀንቱ የታዘዘውን ሕክምና ከሐኪሙ ኤጀንት ይቀበላል፣ ከእናትየው ቤት በ20 ማይል ዙሪያ ያሉትን፣ ኢንሹራንሳቸው የሚሸፍናቸውንና ጥሩ ደረጃ የተሰጣቸውን ክሊኒኮች ይለቅማል፣ ክፍት ሰዓታቸውን ከልጆቹ ፕሮግራም ጋር ያመሳክራል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ዕቅድ ያቀርባል።

ፒት ዕቅዱን አልወደደውም። ሆስፒታሉ ከእናቱ ቤት ከከተማው ማዶ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ የመኪናው መጨናነቅ አለ። ስለዚህ የራሱን ኤጀንት ጠበቅ ያለ መመሪያ ሰጥቶ እንደገና እንዲፈልግ ያዘዋል። ቀረብ ያለ ክሊኒክ፣ ቀደም ያለ ሰዓት ተገኘ።

ይሄን ታሪክ በመስኩ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል። ከሁለተኛው ዕቅድ ጋር የመጡትን ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው ትንሽ ነው። አንደኛው ተራ ነው፤ ፒት ብዙ የማያስቸኩሉ ቀጠሮዎቹን ማዛወር ይኖርበታል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ዝርዝር ይህን ክሊኒክ ከፊዚዮቴራፒ ሰጪዎች ጋር አላስገባውም፤ ኤጀንቱ ክሊኒኩ አገልግሎቱን እንደሚሰጥና ኢንሹራንሱም እንደሚሸፍነው በሌላ መንገድ አረጋግጧል ይላል። ፒት በኋላ ኤጀንቱን ማብራሪያ ይጠይቀዋል። ማብራሪያው ምን እንደነበር ግን ታሪኩ ውስጥ የለም።

ጽሑፉን ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ጋ እቆማለሁ። በራሱ በሕልሙ ውስጥ እንኳ አገልግሎቱን የሚገልጸው መረጃ ተሳስቷል እኮ! ከዚያ በኋላ የመጣው የምርምር ሥራ አብዛኛው፣ በኔ እይታ፣ መግለጫው ትክክል የሆነበትን ጉዳይ አሳምሮ ሠርቶ ይሄኛውን ዘሎታል።

ለሕልሙ የመጀመሪያው ከባድ ሙከራ ኦውል-ኤስ ይባላል። መነሻው በአሜሪካው ዳርፓ ገንዘብ የተደገፈው ዳምል ፕሮግራም ነው፤ ለዌቡ መስፈርት አውጪ ለደብሊው3ሲ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ነው። መሠረቱ ኦንቶሎጂ ነው። ኦንቶሎጂ ስንል በአንድ መስክ ውስጥ ምን ዓይነት ነገሮች እንዳሉና እርስ በርስ እንዴት እንደሚዛመዱ ማሽን ሊያሰላው በሚችል መልኩ የተጻፈ ስምምነት ማለታችን ነው። ፊዚዮቴራፒ የሕክምና ዓይነት ነው፤ ሕክምና ሁሉ ታካሚ አለው፤ ስለዚህ ፊዚዮቴራፒም ታካሚ አለው። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሳይጽፍለት ማሽኑ ራሱ ይደርስበታል።

ኦውል-ኤስ በዚህ ላይ ተመሥርቶ አንድን አገልግሎት በሦስት ወገን ይገልጻል። ፕሮፋይሉ አገልግሎቱ ምን እንደሚሠራ ያስተዋውቃል፣ ፕሮሰስ ሞዴሉ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ይናገራል፣ ግራውንዲንጉ ደግሞ ኮምፒውተሩ የትኛውን መልእክት ወዴት መላክ እንዳለበት ያሳያል። ዋናው ቁም ነገር ግን አራቱ ነገሮች ናቸው፦ ግብዓት፣ ምላሽ፣ ቅድመ ሁኔታ እና በዓለም ላይ የሚመጣ ለውጥ። ምላሽና ለውጥን መለየቱ ትልቅ ሐሳብ ነው። የደረሰኝ ቁጥር ምላሽ ነው፤ ከሂሳብ ደብተራችሁ ገንዘብ መውጣቱ ለውጥ ነው። አንድ ፕሮግራም ምላሹን ቢጥለው ምንም አይደለም፣ ለውጡን ግን መጣል አይችልም።

ከኦውል-ኤስ ጋር አብሮ በምሳሌነት የወጣ ኮንጎ የሚባል ምናባዊ መጽሐፍ ሻጭ አለ። የግዢው መግለጫ የሚሠራ ክሬዲት ካርድ መኖሩን በቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ከዚያ መጽሐፉ መጋዘን ውስጥ ካለ ይላካል፣ ከሌለ ደግሞ የለም የሚል መልእክት ብቻ ይመለሳል ብሎ ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ ይጽፋል። ሳነበው ቅንዓት ይይዘኛል። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የኤፒአይ ሰነዶች ስንቶቹ ናቸው ይሄን ያህል ግልጽ የሆኑት?

ታዲያ ምን ሆነ? ተመራማሪው በአብዛኛው ወደ ማዛመድ ሄደ። ማሲሞ ፓኦሉቺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ዘዴ የመስኩ መነሻ ሆነ፤ የተጠየቀውንና የቀረበውን አገልግሎት ግብዓትና ምላሽ በኦንቶሎጂው ውስጥ አነጻጽሮ አራት ደረጃ ይሰጣል፦ ልክ የገጠመ፣ የቀረበው ከተጠየቀው ሰፋ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጨርሶ የማይገጥም። ያምራል፣ ይለካል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍም ይመቻል። (ይሄን የምለው ራሴም ተማሪ ሆኜ ነው፤ በቁጥር የሚለካ ነገር እንዴት እንደሚስብ አውቃለሁ።) ለመለኪያ ከተዘጋጁት ስብስቦች በጣም የታወቀው ኦውልኤስ-ቲሲ በአራተኛው ዕትሙ 1083 የአገልግሎት መግለጫዎች አሉት፤ ቅድመ ሁኔታና ለውጥ የተጻፈላቸው ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

የማዛመዱን ችግር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለ ክሊኒክ የቀጠሮ አገልግሎት አለው እንበል፤ ምላሹ «ሰዓት» ተብሎ ተመዝግቧል። ውጭ አገር የተሠራ ኤጀንት «ሰዓት» የሚመልስ አገልግሎት ይፈልጋል። አዛማጁ ልክ ገጥሟል ይላል። ክሊኒኩ 3፡00 ብሎ ይመልሳል፤ ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ለኤጀንቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። እናታችሁን ይዛችሁ የተዘጋ በር ላይ ትቆማላችሁ።

የኦንቶሎጂ ጠበቃ እዚህ ጋ ዘሎ መነሳቱ አይቀርም፦ «ይሄማ የኛ ጥቅም የሚታይበት ቦታ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚል ጽንሰ ሐሳብ ጨምርና ከሌላው ጋር ያለውን የስድስት ሰዓት ልዩነት ጻፈው።» ልክ ነው፣ መፍትሔው እሱ ነው። ግን ማን ይጽፈዋል? የክሊኒኩ ፕሮግራመር 3 ሰዓት ሲባል ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ትዝ አይለውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰዓት ማለት እሱ ነው። ኤጀንቱን የሠራው ሰውም እንደዚያው። በጣም መጻፍ ያለበት ነገር ለጻፊው በጣም ግልጽ የሆነው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ሳይጻፍ ይቀራል። ይህ በተሻለ ሎጂክ የሚፈታ ችግር አይደለም።

የወጪውም ጉዳይ አለ። አንድ ጊዜ ለላቦራቶሪ ሥራ ሦስት ትእዛዝ ብቻ ያለው የቀጠሮ አገልግሎት በኦውል-ኤስ ልገልጽ ሞክሬ ነበር። ኮዱ ግማሽ ቀን ወሰደ፤ መግለጫው ከሳምንት በላይ። ሲያልቅ ደግሞ የሚያነበው ኤጀንት አልነበረም። ኤጀንት ስለሌለ መግለጫ አይጻፍም፣ መግለጫ ስለሌለ ኤጀንት አይሠራም። ከኦንቶሎጂ ቀለል ያለው የአይቢኤም፣ የማይክሮሶፍትና የኤስኤፒ ክፍት የአገልግሎት መዝገብ፣ ዩዲዲአይ የሚባለው፣ እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ተዘግቷል።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ማቅለል ነው። ደብሊው3ሲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ያጸደቀው መስፈርት በተራው የዌብ ሰርቪስ መግለጫ ላይ ወደ ኦንቶሎጂ የሚጠቁም ማስታወሻ መለጠፍን ብቻ ይፈቅዳል። ቀድሞት የነበረው የአይቢኤምና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሐሳብ ቅድመ ሁኔታና ለውጥ ነበረው፤ በመጨረሻው መስፈርት ላይ ሁለቱም የሉም። ሸክሙ መቀነሱ ተገቢ ነበር። የተጣለው ግን ከባዱ ዕቃ ሳይሆን ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። የስሞቹ ጉዳይ፣ ማለትም መኪናን ከተሽከርካሪ ማዛመዱ፣ ቀርቶ ለውጡ ቢተርፍ ይሻል ነበር።

ምክንያቱም የስሞቹን ጉዳይ ሌላ ነገር ፈታው። ዛሬ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አንድን አገልግሎት የሚያውቁት በስሙ፣ ሰው በተራ ቋንቋ በጻፈለት አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገርና በግብዓቶቹ ዝርዝር ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023፣ አንትሮፒክም በኅዳር 2024 ባወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይህን መንገድ ተከትለዋል። ፊዚዮቴራፒ ሕክምና መሆኑን ለሞዴሉ ማንም መጻፍ አይጠበቅበትም። አንዳንድ ጓደኞቼ ስለዚህ ኦንቶሎጂ ሞተ ይላሉ።

እኔ አልስማማም፤ በትክክል ለመናገር ግማሹ ብቻ ነው የሞተው። የፕሮቶኮሉን የ2025 ዕትም ብትከፍቱት መሣሪያዎች ላይ የሚለጠፉ አራት የአዎ ወይም አይ ምልክቶች ታገኛላችሁ፦ የሚያነብ ብቻ ነው ወይ? የሚያጠፋ ነው ወይ? ያንኑ ግብዓት ይዞ ደግሞ ቢጠራ ሌላ ለውጥ አያመጣም ወይ? ከውጭው ዓለም ጋር ይገናኛል ወይ? የተረሳው ለውጥ በጓሮ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኮንጎ በሁለት መንገድ ከነቅድመ ሁኔታው የጻፈውን ሥራ ዛሬ በአራት ምልክት ልንጨርሰው እየሞከርን ነው። ሰነዱ ራሱ ደግሞ ምልክቶቹ ከታመነ ሰርቨር ካልመጡ በስተቀር እንዳይታመኑ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቁ ትክክል ነው። ኮሪ ዶክቶሮው ሰዎች በሜታዳታ ላይ እንደሚዋሹ የጻፈው በዚያው በ2001 ነው፤ ያኔ የሚዋሽበት ምክንያት የፍለጋ ደረጃ ነበር፣ አሁን ግን መግለጫውን የሚያነበው ኤጀንት የባንክ ካርድ ይዟል።

አሁን ቀጠሮ የሚይዝ መሣሪያ አለኝ እንበል፣ መግለጫው «ለታካሚ ቀጠሮ ይይዛል» ይላል። ኤጀንቱ ትእዛዙን ላከ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ምላሽ አልመጣም። ደግሞ ይላክ ወይስ ይጠብቅ? ክፍያው የሚቆረጠው ሲያዝ ነው ወይስ ሲረጋገጥ? ቀጠሮው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል? እነዚህን ሞዴሉ ከዓረፍተ ነገሩ ሊያወጣቸው አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉምና። ጎበዝ ሞዴል ከሆነ ይገምታል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፣ ችግሩም ይሄው ነው። ኦውል-ኤስ ለእያንዳንዳቸው መጻፊያ ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። በሳምንት ሳይሆን በግማሽ ቀን ሊሞላ የሚችል ቦታ ሠርቶ፣ አገልግሎቱ የጻፈውን በትክክል ማድረጉን በሙከራ ጥሪ የሚፈትሽ ፕሮግራም አብሮ የሚያቀርብ ሥራ ካያችሁ ንገሩኝ። ለፒት ክሊኒክ ማረጋገጫ የሆነውን ያን ሌላ መንገድ እየፈለግሁ ነው።